ሕግ ልማር? ከዴም የመጣ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት በማስተማር ልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን ለመጎብኘት ወደ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ክፍለ ጊዜው አብቅቶ ከክፍል ስወጣ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ተከትላኝ መጣች። ለክፍሉ ስተዋወቅ ያደግሁት ካርቱም፥ ዴም ሰፈር መሆኑን ጠቅሼ ነበርና፥ እርሷም የዴም ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ከእናቷ ጋር በገላባት በኩል አድርጋ መተማ ገብታለች። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ብዙም ሳትቆይ፥

«ጋሼ፥ ሕግ ልማር?» አለችኝ።

ምክንያቷንም አስረዳችኝ። እዚያ ሳለች ዐረብኛዋ ጥሩ ስለ ነበረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጠበቃ ትሆኛለሽ ይላት ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ያወቀችው ሁሉ የሌላ አገር ሆነባት። አሁን ደግሞ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምረጡ ተብለዋል። ዘመዶቿ «ሕግ ዛሬ የሠራው ነገ ይሻራል፤ ሕክምና ግን የትም ይሠራል» ይሏታል።

እኔም «ደኅና አድርገሽ አስቢበት» ብዬ ተሰናበትኋት። የሥራ ጓደኞቼ እንደምታውቁት፥ መምህር «አስቢበት» የሚለው ብዙ ጊዜ መልስ ሲያጣ ነው። ያው ጥያቄ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት በዚያው በዴም ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር፤ ያን ጊዜም አልመለስሁትም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። የታሪክ መምህር በመሆኔም መልሱን የፈለግሁት በታሪክ ውስጥ ነው።

በቅድሚያ የደረስሁበትን ልናገር። የሕግ ትምህርት እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ሕክምና የትም ይዘውት የሚዞሩት ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ አገር አለው። ስለዚህ «ሕግ ልማር?» የሚል ወጣት በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የሞያ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየትኛው አገር፥ ከየትኛው ሕዝብ ጋር ልኑር የሚል ነው። ብዙዎቻችን ተማሪዎቻችንን ስንመክር የምንመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የሱዳንና የሌላ አገር ዘመን ሲጠቀስ እ.ኤ.አ. ይባላል፤ የቀረው በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ዴምና የወረቀት ንባብ

ዴም የሚለው ቃል በሱዳን ዐረብኛ ሰፈርን ያመለክታል። እንግሊዞች ሱዳንን በሚገዙበት ዘመን ከካርቱም በስተ ደቡብ ሠራተኞች የሚኖሩባቸው ዴሞች ነበሩ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ፥ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሮጌዎቹ ዴሞች ነዋሪዎች ወደ አዲሶቹ ዴሞች እንዲዛወሩ ተደረገ። ከጊዜ በኋላም አብዮቱን፥ የእርስ በርስ ጦርነቱን፥ የ1977ቱን ረኃብና ኋላም ሥራ ማጣትን ሸሽቶ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣው ሰው በዚያ ቤት እየተከራየ ስለ ተቀመጠ፥ ዴም የሐበሾች ሰፈር ሆኖ ታወቀ። እንጀራው፥ ቡናው፥ የአማርኛውና የትግርኛው ዘፈን ሁሉ በዚያ ይገኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን ወረቀት ነበር። የኢቃማ ወረቀት፥ የስደተኛ መታወቂያ፥ የቤት ኪራይ ውል፥ የፖሊስ መጥሪያ። ሁሉም በዐረብኛ የተጻፈ ነው። ፖሊስ በድንገት መንገድ ዘግቶ ሰው የሚያፍስበት «ከሻ» ሲመጣ፥ ወረቀት ያለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሌለው በመኪና ይጫናል። እናቴ ሻይ ትሸጥ ነበር። እኔ በሱዳን ትምህርት ቤት ዐረብኛ ስለ ተማርሁ፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ የሰፈሩ ወረቀት አንባቢ ሆንሁ።

ከእነዚያ ንባቦች ሁለቱ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልጠፉም። የመጀመሪያው በ1992 ዓ.ም. የሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን፥ ደርግ ወድቆ ሁኔታው ስለ ተለወጠ፥ ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በጅምላ የስደተኛነት መታወቂያ የሚያገኙበት ዘመን አብቅቷል አለ። የመመለስ ሥጋት ያለበት ሰው ለብቻው ቀርቦ እንዲያስረዳ ነበር የተባለው። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን የማስታወቂያውን ቅጂ ይዘው መጡና «ልጄ፥ ምን ይላል?» አሉኝ። ቃል በቃል አነበብሁላቸው። «እሺ፥ እንግዲህ እኔ አሁን ምንድን ነኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቃሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበርና ዝም አልሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው የነገሩን ሥር ያገኘሁት። የአፍሪካን ስደተኞች ጉዳይ የሚመራው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የተፈረመው ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ስደተኛ የተባለበት ምክንያት ሲቀር ስደተኛነቱም እንደሚቀር የሚገልጽ ቃል በዚያው ስምምነት ውስጥ ይገኛል። እኒያ አዛውንት በዴም ደጃፋቸው የደረሰባቸው ሕግ መሠረቱ ከገዛ አገራቸው ዋና ከተማ የተፈረመ ነበር ማለት ነው። ይህን በጊዜው የሚያስረዳቸው አንድ የሕግ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ «ሥጋት አለኝ» ብሎ ለብቻ መቅረብ እንደሚቻል ያውቁ ነበር። እርሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ሄዱ።

ሁለተኛው የአንዲት የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ስምንት ወር ሠርታ ደመወዟን ተከለከለች። የጽሑፍ ውል አልነበራትም፤ ምስክርም አልነበራትም፤ እከሳለሁ ብትል ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት ራሷ ልትታሰር ትችላለች ተባለ። በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። ያቺ ሴት ስታለቅስ የሰማሁት ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ ሳይጠይቃት በመቅረቱ ነበር። በዚያ ምሽት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ወደ እኔ ዞረው «ይህ ልጅ ሕግ መማር አለበት» አሉ።

በአንድ ከተማ ሁለት የሕግ ትምህርት

ሕግ የት ልማር ብዬ ሳስብ፥ ቀርቦ የሚታየኝ ካርቱም ነበር። የካርቱም የሕግ ትምህርት ታሪክ ግን ለወጣት የሚያስፈራም የሚያስተምርም ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1899 ለሱዳን የወንጀል ሕግ ሲያወጡ፥ ምሳሌ ያደረጉት በህንድ ያወጡትን የ1860ውን የወንጀል ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ እያደገ ሄዶ፥ እ.ኤ.አ. በ1935 በካርቱም የሕግ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት የእንግሊዝን ሕግ የተከተለ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ መሐመድ አሕመድ ማሕጁብ ነው። ማሕጁብ አስቀድሞ በምሕንድስና ተመርቆ ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። ሕግ ተምሮ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፥ ኋላ ዳኛ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላም ሁለት ጊዜ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የሕግ በር በዐሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ለዘለዓለም የሚዘጋ አለመሆኑን ከዚህ ሰው እንማራለን።

እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ በካርቱም ቅርንጫፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዐይነት የሕግ ትምህርት ሆነ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሕግ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በካይሮው ቅርንጫፍ የግብፅ ሕግ በዐረብኛ ይሰጣል። ወጣቱ ትምህርት ቤት የመረጠ ሲመስለው፥ የአገሩ ሕግ ወደፊት ወዴት ይሄዳል በሚለው ክርክር ውስጥ ወገን መምረጡ ነበር።

ክርክሩም በወረቀት ላይ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1971 በኒሜሪ መንግሥት ጊዜ የግብፅን የተከተለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1973 ተሻረና ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983፥ ያው ኒሜሪ የሸሪዓ ሕጎችን ዐወጀ። እስቲ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመረቀ አንድ የካርቱም ጠበቃ እናስብ። ሃያ ዓመት ባልሞላ አገልግሎቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞያውን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ከሰባዎቹና ከሰማንያዎቹ መጻሕፍቱ ስንቶቹ ከመደርደሪያ ወርደው ይሆን?

የሕጉ መለወጥ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻም አልነበረም። አዲሶቹን ሕጎች በጽሑፍ የተቃወመው የሃይማኖት አስተማሪ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ፥ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1985 በካርቱም በስቅላት ተቀጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኒሜሪ ራሱ ከሥልጣን ወረደ። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ፥ የሱዳን ዋና ዳኛ ባቢከር አወደላ፥ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የፈረደበትን ነገር መንግሥት አልቀበልም ስላለ፥ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራውን ለቋል። ሕግ የተማረ ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት እንዳልሆነ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ይህን ሁሉ በጊዜው በዝርዝር ባላውቀውም፥ የተቃጠለ ነገር ሽታው ይደርሰኝ ነበር። «የሱዳንን ሕግ ብማር ሱዳናዊ አይደለሁም፤ የኢትዮጵያን ሕግ ልማር ብል ከዴም ሆኜ አላገኘውም» አልሁ። ወደ ኢትዮጵያ መጥቼም ታሪክ ተማርሁ፤ መምህር ሆንሁ።

የአገራችን ሕግስ ከየት መጣ?

ተማሪዬ «እዚያ ያወቅሁት የሌላ አገር ሆነብኝ» ስትል፥ የራሳችን ሕግ ግን ከመጀመሪያው የራሳችን ብቻ እንደ ነበረ አድርጋ አስባለች። ታሪኩ እንዲህ አይደለም።

አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ፍርድ ሲያመዛዝኑበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ፥ በአንድ የቅብጥ ሊቅ፥ በዐረብኛ የተዘጋጀ ነው። ኋላ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በየጉባኤ ቤቱ ትርጓሜው ሲቀጸል ኖረ። ሕዝቡም በበኩሉ የራሱን የሙግት ሥርዐት አዳብሮ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተጣላ ሰው እጁን ይሰበስባል። ተሟጋቹ በተጠየቅ፥ በእሰጥ አገባ እየተከራከረ፥ ዛፍ ሥር ከተቀመጠ ዳኛ ፊት ይቆማል። ነገረ ፈጅነትም አንደበቱ የተባ፥ ወጉን ያወቀ ሰው የሚይዘው ሥራ ነበር እንጂ በዲፕሎማ የሚገኝ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ዘመናዊ ሕጎችን ለማውጣት ተነሣ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት የስዊሱ ምሁር ዣን ግራቨን ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይህ 3,367 ቍጥሮች ያሉት ሕግ በመጀመሪያ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፥ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ሕጉ ወጣ፤ የሚያስተምረውና የሚሠራበት ሰው ግን ገና አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በፈረንሳይኛ የታሰበ፥ በአማርኛ የታወጀ ሕግ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር ማለት ነው።

ስለሆነም ሕግ ድንበር አያልፍም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የህንዱ ሕግ ሱዳን ገብቷል፤ የግብፁ ፍትሐ ነገሥት፥ የስዊሱና የፈረንሳዩ ረቂቅ ኢትዮጵያ ገብቷል። ድንበር የማያልፈው ቍጥሩና አዋጁ ነው። ማስረጃ መመዘን፥ ቃልን ከቃል ማነጻጸር፥ የሁለቱን ወገን ነገር እኩል መስማት ግን የትም ይሠራል።

ሕጉ ይለወጣል የተባለውንም በዚሁ እንመርምረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ሲታወጅ፥ ስለ መሬት ባለቤትነትና ስለ እርሻ ኪራይ የተማረው ተማሪ ዕውቀቱ በአንድ ቀን ታሪክ ሆነ። ዳሩ ግን በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከቍጥር 1675 ጀምሮ ስለ ውል የተጻፈው ክፍል በንጉሡ፥ በደርግና ከዚያም በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን ሁሉ አልፎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም በአዲስ የተተካው ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. ነው። የሚለወጠውም የማይለወጠውም በአንድ ጥራዝ ውስጥ አለ። «ሕግ ይሻራል» ብሎ ልጅን ማስፈራራት እንግዲህ በቂ ምክር አይደለም።

በስደት የሠራ ሕግና ያልዳነ የሕግ ሰው

ካርቱምን ካነሣን፥ በ1932 ዓ.ም. ክረምት በዚያች ከተማ የነበሩ አንድ ኢትዮጵያዊ የሕግ ምሩቅ ሊታወሱ ይገባል። እኒህ ሰው በአከለ ጉዛይ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታእዛዝ ናቸው። ሕግ የተማሩት በፈረንሳይ አገር፥ በሞንፔልየ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙትን አቤቱታ በማዘጋጀት ከረዱት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በወረራው ዘመንም በሱዳን በኩል በሥውር ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኝተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን ሲመጡ አብረው መጡ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሎሬንዞ የተማሩት የፈረንሳይን ሕግ ነው። በጄኔቭ ያገለገላቸው ግን የፈረንሳይ የሕግ ቍጥር አልነበረም። ያለ ጦር የቀረ አገር በዓለም ፊት ሊናገር የሚችለውን ነገር መርጦ፥ አስተካክሎ፥ ማስረጃ አስይዞ ማቅረብን ነው ከትምህርቱ ያገኙት። አቤቱታው በጊዜው ፍርድ አላስገኘም፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ መብቷን በፈቃዷ እንዳልተወች በመዝገብ አሰፈረ። አገሩ በእጁ ያልነበረ ስደተኛ ሕግን ለአገሩ ሊያውለው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ምሳሌ መራራ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕግ የተማሩት በፓሪስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ስለ ኤርትራና ስለ ኦጋዴን ባደረገቻቸው ክርክሮች ዋናው ተሟጋች እርሳቸው ነበሩ፤ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፥ ከብዙ ባለ ሥልጣኖች ጋር፥ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ስለ አስተዳደራቸው ማንም የፈለገውን ሊል ይችላል፤ ለዚያ ነበር ችሎት የሚያስፈልገው። ዕድሜውን ሙሉ ስለ አገሩ የተሟገተ ሰው ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ሞተ። የበቅሎዋና የጭብጦዋ ተረት በዴም ለነበረችው የቤት ሠራተኛም በአዲስ አበባ ለነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትርም እኩል ይሠራል። ሕግ የተማረ ሰው ያለበት አገር ሁሉ ሕግ አለ ማለት አይደለም። ሕግ የሚማር ሰው የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሕጉን የለወጡ ተማሪዎች

እስካሁን ሕግ በሕግ ሰዎች ላይ ሲለዋወጥ አየን። የተገላቢጦሽም አለ። በአሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው ዳኛ ሆነው ሠሩ፤ በ1987 ዓ.ም. ግድም ከሞያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሞያዎች ማኅበርን መሠረቱ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበረ። በማኅበሩና በሌሎች ብርቱ ጥረት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ ዐሥራ ስምንት ዓመትን ወሰነ፤ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ያንን የጠላፊ ማምለጫ ዘጋው። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እነዚህ ሴቶች የተማሩት ያንኑ ጕድለት ያለበትን ሕግ ነው። ሕጉ ጕድለት አለበት ብለው ቢተዉት ኖሮ ማን ይለውጠው ነበር? «ሕግ ይለወጣል» የሚለው ቃል ለአንዱ መሸሻ፥ ለሌላው መነሻ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ለተማሪዎቻችን ምን እንበል?

ከታሪኩ ወደ ሥራችን እንመለስ። ሕግ ልማር የሚል ተማሪ ሲመጣ መምህሩ ልብ እንዲል የምሻቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ ምርጫው የሚጀምረው በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አይደለም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የሚመደበው ከማኅበራዊ ሳይንስ ወገን ስለሆነ፥ ተማሪው ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ የትምህርት ዘርፉን በመረጠ ጊዜ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ይህን ሳያውቁ የተፈጥሮ ሳይንስ መርጠው ሁለት ዓመት ቆይተው የሚቈጩ ተማሪዎች አሉ። ነገሩን አስቀድሞ መንገር የእኛ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፥ ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው፤ ሲጨርሱም የመውጫ ፈተና አለ። የሚነበበው ብዙ ነው፤ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው። ችሎቱ ግን በሌላ ቋንቋ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት አማርኛ፥ በየክልሉ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ። በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ መሟገት ሁለት ትምህርት ነው። ስለዚህ «ተማሪው ተናጋሪ ነው፤ ጠበቃ ይሁን» ከማለታችን በፊት፥ ቁጭ ብሎ ያነባልን? የጻፈውን መልሶ ያርማልን? ብለን እንጠይቅ። በክፍል ውስጥ የማይረታ ተከራካሪ ሁሉ የሕግ ሰው አይወጣውም። የባላጋራውን ነገር ሳያዛባ መልሶ ሊናገር የሚችለው ይበልጥ ተስፋ አለው።

ሦስተኛ፥ ከውጭ አገር የተመለሰ ልጅ ያመጣውን ዕውቀት እንደ ጕድለት አንቍጠርበት። የዴሟ ልጅ ዐረብኛ ታውቃለች። በአገራችን ሕገ መንግሥት መሠረት ተከራካሪዎች ፈቅደው የሚቀርቡባቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ዐረብኛ የሚያነብ የሕግ ሰው በዚያ ይፈለጋል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት እኅቶቻችንም ብዙዎቹ ማንበብ በማይችሉት ቋንቋ በተጻፈ ውል ይታሰራሉ። ያንን ውል አንብቦ «ይህ ቍጥር ይጐዳሻል» የሚላቸው ሰው ምንኛ በጠቀማቸው! ዴም ያስተማራት ነገር ለሕግ ትምህርት ዕዳ አይሆንባትም፤ ስንቅ ነው።

አራተኛና ዋናው፥ አገር የሚለውን ጥያቄ አንሸሽገው። ብዙ ወጣት ዛሬ ልቡ በውጭ አገር ነው። ሰው ለመሰደድ ያሰበ ከሆነ፥ ጥብቅና በየአገሩ ፈቃድ የሚታሰር ሞያ መሆኑንና በሌላ አገር ጠበቃ ለመሆን ከሞላ ጐደል እንደ አዲስ መማር እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይነገረው። ያን ዐውቆ ከመረጠ፥ ማመዛዘኑና ንባቡ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ለመኖር ያሰበ ከሆነ ግን፥ ሕግ ከሚኖርበት ሕዝብ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተሳስር ትምህርት ነው።

ማጠቃለያ

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ያንኑ ትምህርት ቤት ስጎበኝ ተማሪዋን አስፈለግኋት። ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነገርኋት። ስለ ሎሬንዞ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ በኋላ፥

«ጋሼ፥ እርስዎ ለምን ተዉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልተውሁትም አልኋት። የተወ ሰው አስቀድሞ መዝኖ የወሰነ ነው። እኔ ግን አልወሰንሁም፤ የሱዳንም የኢትዮጵያም አይሆንልኝም ብዬ ጥያቄውን አለፍሁት። መምህር በመሆኔ አልጸጸትም። ሆኖም የሚሰማኝ ጸጸት፥ እኒያ አዛውንት «እኔ አሁን ምንድን ነኝ?» ሲሉኝ የነበረኝ ዝምታ እስከ ዛሬ ያው መሆኑ ነው።

ተማሪዋ የማኅበራዊ ሳይንስን መርጣለች። ሕግ ትማር ወይም ሌላ ትማር ገና አልወሰነችም፤ ሁለት ዓመት አላት። እናቷ በዴም የነበራቸውን የኪራይ ውል ከቃጠሎው አትርፈው ይዘው መምጣታቸውንና እርሷም አሁን ያንን ውል መልሳ እያነበበች መሆኗን ግን ነግራኛለች። እኛም መምህራን ከእንግዲህ «አስቢበት» ከማለታችን በፊት፥ የምታስብበትን ነገር በእጇ እናስይዛት።